ወተቱና ዘጠነኛው አንቀጽ

ሩሚያ የሸክላውን ጆግ አፉን ቁልቁል ደፍታ ጢሱ ላይ ይዛዋለች። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ወደ ጓሮ በሚያስወጣው በር ደፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች። አትክልተኛው ትናንት ከከረከመው የቁርቁራ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ አንስታ፣ በጋዙ እሳት ለኩሳ፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ አስቀምጣዋለች። ቅርንጫፉ ገና እርጥብ ስለሆነ ጢሱ ወፍራም ነው፤ ዓይኗን ያስለቅሳታል። በአንድ እጇ ጆጉን ታዞራለች። በሌላው መዳፏ የጆጉን ሆድ ቸብ ቸብ ታደርጋለች፤ የጠገበ ሕፃን እንዲያገሳ ጀርባውን እንደሚመቱት። እንዲህ ማድረግን ማን እንዳስተማራት አላሰበችም። እጇ ያውቃል፤ እሷ ትከተላለች።

ጠዋቱ ጉም ነው። ባሕሩ ከአጥሩ ማዶ ይሰማል እንጂ አይታይም። የአል ዋክራ ዓሣ አጥማጆች የጀልባ ሞተር ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይልና ተመልሶ ይሰጥማል። ከቁርቁራው ሥር ነጭ የለበሰ ሰው የቆመ መሰላት። ቀና ስትል ግን ያለው ጉሙ ብቻ ነበር።

«አንቺ! ቤቱን ልታቃጥዪው ነው?» ሙፊዳ ከኋላዋ መጥታ በእጇ ጢሱን አራገበች። ሙፊዳ የከሚሴ ልጅ ናት፤ በዚህ ቤት አብረው ይሠራሉ። «የእሳት ደወሉ ቢጮህ እኮ ሁለቱም ወገን እንግዳ በሌሊት ልብሱ ሜዳ ላይ ሊፈስ ነው። ያኔ ይታረቃሉ፤ አንዱ የአንዱን ቁምጣ አይቶ!»

«ጆጉን እያጠንኩ ነው።»

«ለምን ሲባል?»

«ሽማግሌው ወተቱ ጢስ የለውም ብለዋል።»

«ለማን?»

«እኔ እንጃ። ትናንት፣ እራት ላይ።»

ሙፊዳ ማራገቧን ተወች። «እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ። አስተርጓሚው ስልክ ይዞ ወጥቷል። ሽማግሌው ብርጭቆውን አይተው የሆነ ነገር አጉተመተሙ። በራሳቸው ቋንቋ። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም።»

የሩሚያ መዳፍ ጆጉ ላይ ቆመ።

«በምን ቋንቋ ሰማሽው?» አለች ሙፊዳ፣ አሁን ቀስ ብላ።

ሩሚያ ልትመልስ አፏን ከፈተች። የሽማግሌውን ድምፅ ታስታውሳለች። ቃሉን ፈለገችው፤ ሐሳቡ እንጂ ቃሉ አልመጣም። ውኃ ውስጥ ወድቆ ሲብለጨለጭ የሚታይ፣ እጅ ሲነኩት የሚሸሽ ነገር ይመስል ነበር።

*

ቤቱ የዚህ የዓረብ አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሁለት ክንፍ አለው፤ በመካከሉ ረጅም ጠረጴዛ የተዘረጋበት አዳራሽ። በግራው ክንፍ ሽማግሌው ሁመድና አብረዋቸው የመጡት ሰዎች ያርፋሉ። በቀኙ ክንፍ ባላጋራዎቻቸው። ሁለቱም ከቀይ ባሕር ዳርቻ የመጡ አፋሮች ናቸው። የተጣሉት በአንድ የውኃ ጉድጓድና ከጉድጓዱ ወደ ወደብ በሚወስደው መንገድ ነው። ለሰሚው ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን መንገዱ ሲዘጋ ወደቡ ይዘጋል፤ ወደቡ ሲዘጋ ትልልቅ መርከቦች ባሕር ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ ያንን ዳርቻ በካርታ ላይ እንኳን የማያገኙት መንግሥታት ስልክ መደዋወል ይጀምራሉ። በጉድጓዱ ዙሪያ ደግሞ ሰው ይሞታል። ነገ ጠዋት ሊፈራረሙ ነው።

ሠራተኞቹ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ኡስታዛ ዓልያ የምትባል የሚኒስቴሩ የሕግ ባለሙያ አዋጁን በዓረብኛ አነበበችላቸው። አዋጁ አዲስ ነው፤ ሚኒስቴሩ በዓለም ሰላምና ደኅንነት ጉዳይ ምን ድርሻ እንዳለው፣ እስከ የት እንደሚደርስ ይናገራል። ዓልያ ወጣት ናት፤ ስታነብ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል ታስቀምጠዋለች።

«በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ ነው» አለች አንብባ ስትጨርስ። «እዚህ የሚነገረውን ቃል ግን የምንጠብቀው እኛ ነን። እኛ ስል እናንተንም ጭምር ነው።»

ዘጠነኛውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የእንግዶቹን ቋንቋ የሚያውቅ ሠራተኛ በዚህ ቤት አያገለግልም። ማወቁን የደረሰበት ሰው በዚያው ዕለት ያሳውቃል። ካሳወቀ ከቤቱ ይወጣል፤ እንግዶቹ የሚፈርሙት ውል ግን ውል ነው። ደብቆ በኋላ ከተደረሰበት፣ ከሁለቱ ወገን ማንኛውም «ቤቱ ጆሮ ነበረው» ብሎ የተፈረመውን ሊያፈርስ ይችላል። አሥረኛው አንቀጽ ደግሞ አጭር ነበር፤ በቤቱ ውስጥ የተሰማ ነገር ከቤቱ አይወጣም።

ከዚያ ዓልያ እያንዳንዳቸውን ቋንቋቸውን ጠየቀቻቸው። ሩሚያ «አማርኛና ዓረብኛ» አለች። እውነቷን ነበር።

ሩሚያ የተወለደችው ባቲ ነው። እናቷ በወሊድ ታማ ጡቷ ደረቀ። ለሰኞ ገበያ ቅቤ ይዛ የወጣች መዲና የምትባል አፋር፣ የራሷን ልጅ ከአንድ ጡቷ ሳትነቅል ሌላውን ለሩሚያ ሰጠች። የእናቷ ሕመም ሲረዝም መዲና ሕፃኗን ይዛት ወደ ቆላ ወረደች። አባቷ ሊወስዳት የመጣው ትምህርት ቤት የምትገባበት ጊዜ ሲደርስ ነው። ስትመለስ አማርኛ አትሰማም ነበር ይላሉ። ከዚያ አማርኛው ገባ፤ ሌላው ወጣ። አባቷ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ከሄደ በኋላ የመዲና ወሬ ጠፋ። በድርቁ ጊዜ ወደ ባሕሩ ወርደዋል ሲባል ብቻ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ምንም።

ሩሚያ ስለ መዲና የምታስታውሰው ትንሽ ነው። የቅል ሽታ። ጀርባዋ ላይ የሚያርፍ መዳፍ። አንዳንዴ ልትነቃ ስትል የሆነ ሰው ስሟን በሌላ ዜማ ሲጠራት ትሰማለች፤ ዓይኗን ስትገልጥ ዜማው ይጠፋል። ይህንን ቋንቋ ማወቅ ብላ ቆጥራው አታውቅም። ሰው ያየውን ሕልም ንብረቴ ብሎ አያስመዘግብም።

*

ወተቱን ይዛ ወደ ግራው ክንፍ ገባች። ሽማግሌው ሁመድ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ነጭ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ ጫፉ በጤዛ ርሷል። ብርጭቆውን ተቀብለው አልጠጡም። መጀመሪያ አሸተቱት። ከዚያ አንድ ጊዜ ተጎነጩና ፊታቸውን ትንሽ አጨፈገጉ። ቀጥሎ ግን እስከ መጨረሻው ጠጡት። ብርጭቆውን ሲመልሱ ያዩት ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር።

ከአጠገባቸው ለነበረው ጎልማሳ ሰው አንድ ነገር ተናገሩት። ሩሚያ ብርጭቆውን ትሪ ላይ እያስቀመጠች ሁሉንም ሰማችው። አሁን ቃሎቹ እንደ ትናንቱ አልሸሹም። ጉም ሲገፈፍ መጀመሪያ የአጥሩ ጫፍ፣ ከዚያ ጀልባው፣ ከዚያ ጀልባው ላይ ያለው ሰው እንደሚታይ፣ አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ መጣ። ትሪውን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ግድግዳውን ተደገፈች። የሰማችውን ለራሷ እንኳን አልደገመችውም።

ወጥ ቤት ስትገባ ሙፊዳ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ፊቷን አይታ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ገባሽ አይደል?»

«ገባኝ።»

«ኸላስ፣ አሁን አፍሽን ትዘጊያለሽ። ነገ ይፈርማሉ፣ ነገውኑ ይሄዳሉ። ማን ያውቃል? እኔ? እኔ የማውቀው ሽንኩርት ነው።»

«አንቀጹ በዚያው ዕለት ይላል።»

«ዕለቱ መቼ ያልቃል? ገና ጠዋት ነው እኮ!» ሙፊዳ ወደ በሩ ተመልክታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ የኔ እህት። አንቺ ስንት ዘመን ስለዚያች ሴት ስታወሪ ነው የኖርሽው። ወላሂ ስሟን እኔ እንኳን በሕልሜ እጠራዋለሁ። ከዚያ አገር ሰው ያገኘሽው ዛሬ ነው። ብትናገሪ በዚህች ሰዓት ያስወጡሻል፤ አንድ ቃል ሳትጠይቂያቸው። ብትቆዪ ግን ነገ፣ ፈርመው መኪና ሲገቡ፣ ቦርሳ እንደሚያቀብል ሰው ጠጋ ብለሽ ‹መዲናን ያውቋታል?› ትያቸዋለሽ። አለቀ።»

«ከተደረሰበትስ?»

«ማን ይደርስበታል?»

ሩሚያ ጆጉን ማጠብ ጀመረች። ጢሱ ውስጡ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። አላሸችውም፤ ውኃ ብቻ አፈሰሰችበት። ሙፊዳ ያለችው ሁሉ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው የከበዳት።

*

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ጠፍቶ ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ አበራ። በአዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ንባብ ይካሄዳል። ሽማግሌው ሁመድ ብርሃኑ ዓይኔን አመመኝ ብለው ለጎልማሳው ቦታቸውን ትተውለት ወደ ሰገነቱ ወጡ። ሩሚያ ውኃ ይዛ ስትመጣ ብቻቸውን ነበሩ። ፊታቸውን ወደ ባሕሩ እንዳደረጉ፣ እሷን ሳያዩ፣ ለባሕሩ የሚናገሩ ይመስል ጀመሩ።

«ሰላም ነው? ሰዉ ሰላም ነው? እንስሳው ሰላም ነው? ዝናቡ ዘነበ? ሣሩ በቀለ?»

ሩሚያ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። ይህ ሰላምታ ብቻ እንዳልሆነ አወቀች። ይህ የዳጉ በር ነው። በአፋር አገር ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን፣ የሰሙትን፣ ከማን እንደሰሙት። ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። የሰማ ሰው ተነሥቶ ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዚያ ምድር ሰው የሚተርፈው በዚህ ነው፤ ውኃው የት እንዳለ፣ ጠላት በየት እንዳለፈ፣ ደመናው ወዴት እንደሄደ። መዲና ስታጥባት እየዘፈነች፣ ቅሉን እያጠነች ነግራታለች፦ ዳጉ የደበቀ ሰው ውኃ የደበቀ ሰው ነው።

«ምን አየሽ?» አሉ ሽማግሌው። «ምን ሰማሽ? ከየት መጣሽ?»

ከሩቅ የጀልባ ሞተር ተሰማ።

«ማን አጠባሽ?»

ስሙ ምላሷ ላይ ነበር። ሦስት ፊደል ብቻ ነው። አንድ ትንፋሽ። ብትለው ሽማግሌው ወይ «አውቃታለሁ» ይላሉ፣ ወይ «አላውቃትም»፤ በሁለቱም ቢሆን ዘመኗን በሙሉ የጠበቀችው ነገር አንድ መልስ ያገኛል። ከአዳራሹ የአስተርጓሚው ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት ያነባል። ሩሚያ ብርጭቆውን ከጎናቸው አስቀመጠችው። ውኃው ትንሽ ፈሰሰ። በልብሷ ጫፍ አበሰችውና ዞረች።

ወደ ውስጥ ስትገባ እንባዋ መጣ። በሕይወቷ የመጀመሪያውን ዳጉ ጠይቀዋት ዝም አለች። መዲና ብታያት ምን ትል ነበር? ኮሪደሩን እስክትጨርስ ይህንን ብቻ አሰበች። ከዚያ ጫፍ ላይ ስትደርስ ሌላ ሐሳብ መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ቃሎቹ ጠዋት እንደመጡት። አንድ ነገር አይቻለሁ፤ አንድ ነገር ሰምቻለሁ። ይህንን ዛሬ ማወቅ ያለባት ሰው አለች። ሽማግሌው ግን አይደሉም።

*

ኡስታዛ ዓልያ በትንሿ ቢሮ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ ረቂቁን ታነብ ነበር። ሩሚያ በሩ ላይ ቆመች።

«ግቢ ሩሚያ። ሻይ ከሆነ ጠጥቻለሁ።»

«ሻይ አይደለም፣ ኡስታዛ። ዘጠነኛው አንቀጽ እኔን ይመለከተኛል።»

ዓልያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የትኛው ዓረፍተ ነገር?»

«‹ማወቁን የደረሰበት› የሚለው።»

ሁሉንም ነገረቻት። ባቲን፣ የሰኞውን ገበያ፣ ሁለቱን ጡቶች፣ ጆጉን። ዓልያ ጣልቃ ሳትገባ ሰማቻት። ውጭ ላይ የቁርቁራው ጥላ መስኮቱን ይነካና ይለቃል።

«የጡት እናት» አለች ዓልያ። በዚህ አገርም የጡት ዝምድና ዝምድና ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገም። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ ጠዋት። ወተት ሳቀርብ።»

«ሰው ቋንቋ ማወቁን ወተት ሲያቀርብ ነው የሚያውቀው?»

«እኔ እንደዚያ ነው ያወቅሁት።»

«ምን ሰማሽ?»

«እሱን አልናገርም። አሥረኛው አንቀጽ ነው።»

የዓልያ ከንፈር ጠርዙ ላይ ተንቀሳቀሰ። «አሥረኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ደህና ተጽፏል።»

ዓልያ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን አቆመች። ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። «ሕጉን ስናረቅ ስለዚያች ቃል ተከራክረን ነበር። አንዱ ባልደረባዬ ‹ያወቀ ያውቃል፣ ያላወቀ አያውቅም፤ መድረስ ምንድን ነው?› አለኝ። ምሳሌ ስጪ ሲለኝ አልነበረኝም። ቃሏን ግን ማውጣት አልፈለግሁም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።» ከዚያ ዞራ አየቻት። «ለሁለቱም ወገን መናገር አለብኝ። የቀኞቹ ሊቆጡ ይችላሉ። አንቺ ደግሞ አሁን ትሄጃለሽ። አል አዚዚያ የሚኒስቴሩ የልብስ ማጠቢያ ቤት አለ፤ እዚያ ትሠሪያለሽ።»

«እሺ።» ሩሚያ አልተንቀሳቀሰችም። «ኡስታዛ፣ ከመሄዴ በፊት ሽማግሌውን አንድ ነገር ብጠይቃቸውስ? አንድ ስም ብቻ።»

ዓልያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ረቂቁን ዘጋችው። እምቢ ማለት የሚወድ ሰው ፊት አልነበራትም።

«አይሆንም። አንድ ስም ብታወሪ ስለ ስሙ ብቻ እንዳወራሽ ማን ይመሰክራል? ከዚህ ስትወጪ ንጹሕ ሆነሽ ውጪ። ቤቱም እንዲሁ።»

«ገባኝ» አለች ሩሚያ። ደግሞም ገብቷት ነበር።

መኪናው ከበሩ ሲወጣ ፀሐይ አልጠለቀችም። ሽማግሌው ሁመድ ከቁርቁራው ሥር ቆመው ነበር፤ በነጭ ኩታቸው የዛፉን ግንድ ተደግፈው። ሩሚያ አሁን ገና የጠዋቱን ነጭ ሰው አስታወሰች። አላናገሯትም፤ እጃቸውንም አላነሡም። መኪናው እስኪያልፍ ብቻ አዩዋት፣ አንድ መንገድ ወደ የት እንደሚሄድ ልብ ብሎ እንደሚይዝ ሰው።

*

በማግሥቱ ሙፊዳ ደወለች። ሳቋ ከቃሏ ይቀድም ነበር።

«አዳራሹ ውስጥ ሻይ ይዤ ነው የገባሁት። ዓልያ ተነሥታ ተናገረች። የቀኞቹ አለቃ ጠረጴዛውን መታ። ‹ምን ሰማች? አሁኑኑ ይነገረን!› አለ፤ አስተርጓሚው እየተንተባተበ ነው ወደ ዓረብኛ የመለሰው። እኔ በልቤ በቃ፣ ጉድጓዱ ተደፈነ አልኩ።»

«ሙፊዳ፣ አሥረኛው አንቀጽ...»

«ይኼ የጉድጓድ ወሬ አይደለም፣ የወተት ወሬ ነው! ወተት ምስጢር ሆኖ ያውቃል? ስሚኝማ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። ‹ወተቱ ጢስ የለውም ስል ሰምታኛለች› አሉ። ‹ከዚያ በኋላ እኔ ጠየቅኳት፤ አልመለሰችልኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው።› ቁጭ አሉ። ያ ቁጡ ሰውዬ ጢሙን ሲጎትት፣ ሲጎትት ቆየና ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹የእኛም ወተት ጢስ የለውም!›»

ሩሚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ፈገግ አለች።

«ሳቁን ብታዪው! ከመጡ ጀምሮ ሁለቱም ያንን የፓኬት ወተት እያሽሟጠጡ ሲጠጡት ነበር ለካ። ፊርማው ከጠዋት ወደ ከሰዓት ዞረ፣ ሌላ ምንም አልሆነ። ሄዱ።» የሙፊዳ ሳቅ ቆመ። «በሩ ላይ ጠጋ ብዬ ልጠይቅልሽ ነበር። ቋንቋው የለኝ፣ ምን ብዬ? ‹መዲና› ብዬ ብጮህ ለሐጅ የምሄድ ይመስላቸዋል።»

«ተዪው» አለች ሩሚያ። «ይበቃል።»

የሚበቃ ግን አልነበረም። በአል አዚዚያ የማጠቢያው ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ። ነጭ የጠረጴዛ ልብሶች ከብዙ አዳራሾች ይመጣሉ፤ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ታጥፈው ይመለሳሉ። በክቡ መስታወት ውስጥ ልብሱ ሲገለባበጥ እያየች አንዳንዴ ትፈዛለች። ቃሎቹ አሁን በየቀኑ ይመጣሉ፤ ውኃ፣ ግመል፣ ጥላ፣ ነይ። የምትነግረው ሰው ስለሌለ ለማሽኖቹ ትነግራቸዋለች። ቋንቋው ተመልሶላታል፤ የሰጠቻት ሴት ግን አልተመለሰችም። በጋው አለፈ። ያ ብርቱ ሙቀት መጥቶ፣ ከተማውን ቤት ውስጥ ዘግቶ፣ ሄደ።

*

አንድ ዓርብ ሙፊዳ እንደገና ደወለች። ይህን ጊዜ ሳቅ አልነበራትም።

«ያላ፣ በሜትሮ ነይ። አል ዋክራ፣ ዓሣው ወደብ። አንድ ሰው ይፈልግሻል። ‹ጆግ ያጠነችውን ልጅ› እያለ ሐበሻውን ሁሉ ሲጠይቅ ነው የከረመው።»

ሰውየው ኡሳማ ይባላል። አፋር ነው፤ ወደቡ ላይ ለጀልባዎቹ በረዶ ይጭናል። እጁን በፎጣ አድርቆ ሰላም አላትና የተገለበጠ ሳጥን አቀረበላት። ራሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሙፊዳ ቆማ ቀረች።

«ልንገርህ ወይስ...?» አለች ሩሚያ በአማርኛ።

«መጀመሪያ እኔ ነኝ የምናገረው» አለ። «ዳጉ አለብኝ። በስልክ ነው የደረሰኝ፣ ግን በስልክ አላቀብለውም፤ ቁጭ ብሎ ነው።»

ከዚያ በአፋርኛ ጀመረ። የሰው ሰላም፣ የእንስሳ ሰላም፣ ዝናቡ። ሩሚያ እያንዳንዱን መለሰች፤ በቀስታ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የቤት እቃ እየዳሰሰ እንደሚሄድ ሰው። ኡሳማ አላቻኮላትም።

«ይህን የሰማሁት ከአጎቴ ልጅ ነው» አለ። «እሱ ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሾፌሩ ባቲ ገበያ ላይ ከመዲና ልጅ ሰማ። መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌው ሁመድ ናቸው፤ ከአውሮፕላን ወርደው መጀመሪያ ላገኙት ሰው። እንዲህ አሉ፦ ‹ጉድጓዱ ተከፍቷል። በባሕር ዳሩ ቤት አንዲት ሐበሻ አየሁ። ስሟን አላውቅም። ጠዋት በጉም ውስጥ ጆግ ስታጥን አየኋት፤ በመዳፏ ሆዱን ቸብ ቸብ ታደርገዋለች። ወተቱ መሮኛል። ንግግራችንን ትሰማለች። ዳጉ ጠየቅኳት፤ ሕግ ስላለባት ዝም አለች። በዚያው ቀን ወጥታ ሄደች።› ያሉት ይህን ነው። ሳይጨምር ሳይቀንስ።»

ሩሚያ ምንም አልነገረቻቸውም። ስሙን አላወጣችም። እሳቸው ግን ያዩትን ተናገሩ።

«ወሬው ሲዞር ሲዞር መዲና ጆሮ ደረሰ። ከድርቁ በኋላ ከባሕሩ ተመልሰው ባቲ አቅራቢያ ነው ያሉት። ‹ድገመው› አለችው ልጇን። ደገመው። ‹ቅሉን አንዴ፣ ልጅቷን አንዴ እየመታሁ ነው ያሳደግኳት› አለች። ‹ያቺ የእኔ ናት።›»

አንድ ጀልባ ከኋላቸው ቆመ። ዓሣ አራጋፊዎች በህንድኛ ይጯጯኻሉ። ኡሳማ ጫጫታው እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ዳጉ በጫጫታ ላይ አይነገርም።

«የመዲና ቃል ይኸውና። ‹በሕይወት አለሁ። ዓይኔ ደክሟል፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ወንድምሽ አግብቶ ወልዷል። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው።›» እዚህ ላይ ትንሽ አመነታ። «የቀረውንም ልበል?»

«ሳትቀንስ» አለች ሩሚያ።

«‹ሁመድ ወተቱ መሮኛል ብሏል። እርጥብ እንጨት ነው የተጠቀመችው። እርጥብ እንጨት ያመርራል፣ ስንት ጊዜ ነግሬያት። የደረቀ ትጠቀም።›»

ሩሚያ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ እየጨመረ ሄዶ ሳጥኑ ከሥሯ ተንቀጠቀጠ። ሙፊዳ «ምን አለ? ምን አለሽ? አማርኛ ተናገሩ እንጂ፣ እኔ ግንድ ነኝ?» ብላ ትጮኻለች። ሩሚያ ልትነግራት ሞክራ አልቻለችም። ዓይኗን በእጇ ጀርባ አሸችው፣ ጢስ እንደገባው ሰው።

ኡሳማ ጠበቀ። ከዚያ እግሩን አስተካክሎ ተቀመጠ።

«አሁን ደግሞ አንቺ» አለ። «ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ባሕሩን አየች። በቤቱ ውስጥ የሰማችው አለ፤ እሱ እዚያው ቀርቷል፤ አሥረኛው አንቀጽ ላይ። ያየችው ግን ብዙ ነበር። ጉሙን ነገረችው። ቁርቁራውን፣ ነጭ የለበሰውን ሰው፣ የምትሠራበትን ቤት፣ ሰው ሳይነካው በማሽን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚዞረውን ነጭ ልብስ። ስሟ ሩሚያ እንደሆነ፣ እናቷ ድና ኮምቦልቻ እንዳለች፣ ቋንቋው እየተመለሰ እንደሆነ። ቃል ሲጠፋባት ኡሳማ አላቀበላትም፤ ራሷ እስክታገኘው ዝም አለ።

*

በአል አዚዚያ፣ ከማጠቢያው ቤት አጥር ውጭ፣ አንድ ቁርቁራ አለ። ሩሚያ ነፋስ የጣለውን ቅርንጫፍ አንሥታ ጣራው ላይ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው ሞተር አጠገብ አስቀመጠችው። በየቀኑ ወጥታ በጣቷ ታጎብጠዋለች። ሲጎብጥ ትተወዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማሽኖቹ የመጨረሻውን ዙር እየጨረሱ ሳለ፣ ሳይጎብጥ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

አዲስ የሸክላ ጆግ ገዝታ ነበር። ጣራው ላይ ቁጢጥ ብላ እንጨቱን ለኮሰችው። ጢሱ ቀጭን ነው፤ ሰማያዊ ክር ይመስላል፤ ዓይን አያስለቅስም። የጆጉን አፍ ደፋችበት። በመዳፏ ሆዱን ቸብ አደረገችው፤ አንዴ፣ እንደገና። በሁለቱ ምት መካከል ያለውን ዝምታ አሁን ታውቀዋለች፤ መዳፉ ሌላ ጀርባ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ነው።

ጢሱ ሲያልቅ ጆጉን አቅንታ አሸተተችው። አይመርም። ክዳኑን ገጠመችለት፣ ይዛው ወረደችና ከታጠፉት የጠረጴዛ ልብሶች ራቅ አድርጋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።